የሲኖትራክ ፍሬን ለሳይክል፦ ስለ ትንሿ ጠመንጃና ስለ አፈሙዟ

(አዳማ ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለቴክኒክ ተማሪዎችና ለተኩስ ስፖርት ወዳጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከስልክ ቅጂ ነው የገለበጥኩት። መደጋገሙን ቀንሻለሁ። ቀልዱን ግን ትቼዋለሁ፤ ያልሳቃችሁበትንም ጨምሮ።)

አካም ጅርቱ! እንደምን ዋላችሁ!

ኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ጥሩ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ነፋሱን ግን አትርገሙት፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

የዛሬው ወሬ የተጀመረው እቤቴ ሶፋ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ፐብጂ ይጫወታል። እናቱ "ዓይንህ ሊጠፋ ነው" እያለች ትጮሃለች፤ እሱ አይሰማም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳየው ጠመንጃው አፍ ላይ አንድ ነገር ገጠመ። ምንድነው አልኩት። "ኮምፐንሴተር ነዋ አጎቴ! እሱ ከሌለ መሣሪያው ወደ ላይ ይሸሻል።" ትንሽ ቆየና "አንተ ጀርመን ተማሪ እያለህ ትተኩስባት የነበረችው ትንሿ ጠመንጃስ ነበራት?" አለኝ። ነበራት። "ታዲያ ጠቀመህ?"

እዚያ ላይ ዝም አልኩ። ያንን ዕቃ የገዛሁት ከተማሪ ኪሴ፣ ለሁለት ሳምንት ምሳዬን በዳቦ እያለፍኩ ነው። ለምሳው ስል እንኳ "አዎ ጠቅሞኛል" ማለት ይገባኝ ነበር። አልጠቀመኝም። ለምን እንዳልጠቀመኝ ለመረዳት ግን ከገዛሁት በኋላ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ ዛሬ የማወራችሁ እሱን ነው።

መጀመሪያ ስም እናጥራ። .22 የምትባለውን ጥይት እኔ "ሃያ ሁለት" እያልኩ እጠራታለሁ። ውፍረቷ የኢንች 22 መቶኛ ገደማ ነው፤ 5.6 ሚሊ ሜትር። ሪምፋየር የሚሏት ቀለሁ ጠርዝ ላይ ስለምትመታ ነው። የክላሽ ጥይት ቂጡ መሃል ላይ የምትመታ ክብ ነገር አለችው፤ አይታችኋል። የሃያ ሁለት ግን የሚቀጣጠለው ቅመም ራሱ ጠርዙ ውስጥ ነው ያለው። መቺው ጠርዙን ይጨፈልቀዋል፣ እሳቱ ይነሳል። እንዲጨፈለቅ ደግሞ ቀለሁ ስስ መሆን አለበት። ስስ ስለሆነ ብዙ ግፊት አይችልም። ብዙ ግፊት ስለማይችል ባሩዱ ትንሽ ነው። ይህችን ሰንሰለት ያዙልኝ፤ የዛሬው ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው እሷ ላይ ነው።

ዕድሜዋ ትልቅ ነው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚተኩሳት ሎንግ ራይፍል የምትባለው ሃያ ሁለት እ.ኤ.አ. በ1887 አሜሪካ ውስጥ የስቲቨንስ ኩባንያ ያወጣት ናት። ከዓድዋ ድል በ9 ዓመት ትበልጣለች። የእኛ ሰዎች በውጅግራ ሲዋጉ እሷ ባሕር ማዶ ጥንቸል ታድን ነበር። ውጅግራ 25 ግራም እርሳስ ነበር የሚተፋው። ሃያ ሁለት የምትተፋው 2.6 ግራም ነው። አያቶቻችን ትከሻቸው ምን እንደነበረ አስቡት። ምቱን የሚቀንስ ፍሬን አፈሙዙ ላይ ይገጠምልኝ ያለ ግን አልነበረም።

እሺ። ጠመንጃ ለምን ወደ ኋላ ይመታል? ቆቃ ሐይቅ ላይ በጀልባ የሄደ አለ? ከጀልባዋ ወደ ዳር ስትዘሉ ጀልባዋ ወደ ኋላ ትሸሻለች። እግራችሁ መሃል ላይ ይቀርና ሰው ይስቅባችኋል። ጠመንጃም ያው ነው። ልዩነቱ ከአፈሙዙ የሚዘለው አንድ ሳይሆን ሁለት ነገር መሆኑ ነው። አንዱ ጥይቱ ነው። ሁለተኛውን ሰው ይረሳዋል፤ የተቃጠለው ባሩድ ጋዝ ነው። ጋዝ ምን ክብደት አለው ትሉ ይሆናል። አለው። 3 ግራም ባሩድ ሲቃጠል 3 ግራም ጋዝና ጭስ ነው የሚወጣው፤ የትም አይጠፋም። ደግሞ ከጥይቱ ፈጥኖ ነው የሚወጣው።

መዝል ብሬክ፣ እኔ የአፈሙዝ ፍሬን የምለው ነገር፣ የሚሠራው በዚህ በጋዙ ላይ ብቻ ነው። ይቺን ተቀባበሏት። ከፕላስቲክ በቶርኖ የቆረጥኳት ሞዴል ናት። ከእውነተኛው ሦስት እጥፍ ትተልቃለች፤ የትኛውም ጠመንጃ ላይ አትገጥምምና አትደንግጡ። ጎኗ ላይ ቀዳዳዎች አሉ። ጥይቱ በመሃል ቀጥ ብሎ ያልፋል። ጋዙ ከኋላ ተከትሎ ይመጣና ከእነዚህ ግድግዳዎች ጋር ይላተማል፤ ወደ ጎን ይታጠፋል። ግድግዳውን ወደ ፊት ሲገፋው ጠመንጃውንም አብሮ ወደ ፊት ይስበዋል። ቀዳዳው ወደ ላይ የተከፈተ ከሆነ ደግሞ አፈሙዙን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ኮምፐንሴተር የሚሉት ይኼኛውን ነው። ኤኬኤም የሚባለው ክላሽ አፍ ላይ እንደተቆረጠ ሸንበቆ ሰያፍ የሆነች ነገር አለች አይደል? እሷ ናት።

አሁን ወደ ብርቱካኑ። ምን ሊያደርግ ነው ያላችሁት ገና ስገባ ነው፤ አይቻችኋለሁ። ይህ ትንሽ ብርቱካን 100 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ባለሱቁ ሚዛን ላይ አስመዝኜው ገረመው። ይህ ደግሞ አንድ ኪሎ ስኳር ነው። የወንጂ ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ።

3 ኪሎ የምትመዝን የሃያ ሁለት ጠመንጃ ስትተኮስ በሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ፍጥነት ወደ ኋላ ትመጣለች። ጉልበቱ 0.15 ጁል አካባቢ ነው። ጁል ለማይወድ፦ ይቺን ብርቱካን ከ15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ልልቀቃት። (ጠብ።) ሰማችሁ? ትከሻችሁ ላይ የምታርፈው ያቺ ናት።

ክላሽስ? 7 ወይም 8 ጁል ነው። ይህን ኪሎ ስኳር ከ75 ሴንቲ ሜትር ልልቀቀው። (እዚህ ላይ የውሃው ጠርሙስ ተገልብጦ ማስታወሻዬ ረጠበ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በቃሌ ነው።) በ7.62 ኔቶ ጥይት የሚሠራ ጠመንጃ ደግሞ የክላሽን እጥፍ ይመታል። እሱን አላሳያችሁም፤ ጠረጴዛው የአዳራሹ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱን አያችሁ። ግን ክርክሩ እዚህ ላይ አያልቅም። "ትንሽም ብትሆን ለምን አትቀነስም?" የሚል ሰው አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ምሳዬን የሸጥኩት ይህንኑ ብዬ ነው።

መልሱ ያቺ ሰንሰለት ውስጥ አለ። በ7.62 ኔቶ ቀለህ ውስጥ 3 ግራም ገደማ ባሩድ አለ፤ ጥይቱ 9.5 ግራም ነው። ወደ ኋላ ከሚገፋው ኃይል ሲሶው የጋዙ ነው። ፍሬኑ እጁን የሚያስገባበት ሲሶ አገኘ ማለት ነው። ሃያ ሁለት ውስጥ ያለው ባሩድ ግን ከ0.06 እስከ 0.13 ግራም ነው። አንድ ቁንጥጫ ጨው ከዚያ ይበልጣል። የጋዙ ድርሻ ከዐሥር አንድ እጅ ገደማ ቢሆን ነው። ፍሬኑ ተአምር ሠርቶ ያንን አንድ እጅ እንዳለ ቢያጠፋው ምን አተረፍን? ብርቱካኗን ከ15 ሴንቲ ሜትር መልቀቄን ትቼ ከ12 ለቀቅኳት ማለት ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ልዩነቱን በድምፅ የምትለዩ ካላችሁ ብርቱካኗን እሸልማለሁ።

በዚያ ላይ ያችው ጥቂት ጋዝ አፈሙዙ ጋር የምትደርሰው ደክማ ነው። ሃያ ሁለት ባሩዷን የምትጨርሰው ቶሎ ነው። ቱቦው 40 ሴንቲ ሜትር ካለፈ በኋላ ጥይቷ የምትጨምረው ፍጥነት እዚህ ግባ አይባልም። እንዲያውም ቱቦው በጣም ከረዘመ በሰበቃው ትዘገያለች። የዒላማ ጠመንጃዎች ቱቦ ደግሞ 60ም 65ም ይሆናል። ጋዟ ያንን ሁሉ ተጉዛ ስትወጣ ከሞጆ አዳማ ድረስ በእግሩ እንደመጣ ሰው ናት። ግድግዳ የምትገፋበት አቅም የላትም።

እንግዲህ እዚህ በራችን ላይ በጂቡቲ መንገድ የሚያልፈውን የሲኖትራክ ፍሬን አውልቃችሁ ሳይክል ላይ ግጠሙት። ፍሬኑ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሳይክሏ የምትሰጠው ሥራ የላትም።

የባሰው ግን የሰዓቱ ነገር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይባችሁ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነውና።

ምላጩን ሳባችሁ። ጥይቷ ቱቦው ውስጥ የምትቆየው የሰከንድን ሁለት ሦስት ሺህኛ ነው። ጠመንጃዋ ከጥይቷ ከ1,100 እጥፍ በላይ ትከብዳለች። ስለዚህ ጥይቷ 60 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ጨርሳ ስትወጣ ጠመንጃዋ ወደ ኋላ የሄደችው የዚያን 1,100ኛ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር! እናንተ "መታኝ" የምትሉት ሁሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ ጋዙ የፍሬኑን ግድግዳ የሚገፋው መቼ ነው? ጥይቷ መንገድ ከለቀቀችለት ወዲያ። ጥይቷ ሄዳለች። ወዴት እንደምትሄድም ተወስኗል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ፍሬን፣ የትኛውም ጠመንጃ ላይ ይሁን፣ የተተኮሰችውን ጥይት በጋዝ አያቀናም። የሚጠቅመው ለሚቀጥለው ጥይት ነው፤ ትከሻን ያሳርፋል፣ የማነጣጠሪያው መነጽር ከዒላማው እንዳይርቅ ይይዛል። ሃያ ሁለት ደግሞ መጀመሪያውኑ ከዒላማው አታርቅም።

"ታዲያ አንተ ስትገጥመው ምን ሆነ?" አላችሁኝ። አሁን ወደ ኀፍረቴ እንምጣ።

ክለቡ የመንደር ክለብ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽማግሌዎች እየመጡ 50 ሜትር ላይ ይተኩሳሉ፤ ከዚያ ኬክ ይበላሉ። ከኬኩ ይልቅ የገረመኝ ጸጥታቸው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የገባህ ይመስልሃል። አፈሙዟ ላይ እንደ ቡሎን ጥርስ የወጣላት አንዲት አሮጌ ጠመንጃ ነበረቻቸው። አሠልጣኙን ለምኜ የገዛሁትን ፍሬን አሰርኩባት። ዐሥር ተኮስኩ። ወረቀቱ ሲመጣ ቀዳዳዎቹ ከወትሮው ተሰብስበዋል። እኔን አትዩኝ! ደረቴን ነፍቼ ወረቀቱን ለሁሉም አዞርኩ። አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ለጀርመን ሽማግሌዎች ተኩስ እያስተማረ ነው።

አሠልጣኙ ምንም አላለም። ፍሬኑን ፈታው፣ በመዳፉ መዘነው፣ ከመሣቢያው አንድ ድፍን የብረት ቀለበት አወጣ። ቀዳዳ የለው ምን የለው። ክብደቱ ብቻ ተቀራራቢ ነው። እሱን አሰረና "ተኩስ" አለኝ። ዐሥር ተኮስኩ። ቀዳዳዎቹ ያው እንደ ቅድሙ ተሰብስበዋል። ወረቀቱን ሰጥቶኝ ወደ ኬኩ ሄደ። ንግግሩ ይኸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ ቱቦው እንደ ክራር ጅማት ይንቀጠቀጣል። በዓይን አይታይም፤ ግን አፈሙዙ በትንሹ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ጥይቷ በየትኛው ቅጽበት ወጣች የሚለው ነገር ወረቀቱ ላይ ይታያል። አፈሙዙ ላይ ክብደት ስትሰቅሉ የመንቀጥቀጡ ምት ይቀየራል። ዕድል ቀንቷችሁ ጥይቷ አፈሙዙ ቀስ ብሎ ወደ ላይ እየወጣ ሳለ የምትወጣ ከሆነች ሌላ ጥቅምም አለ። ዘገምተኛዋ ጥይት ትንሽ ዘግይታ ስለምትወጣ አፈሙዙ ትንሽ ከፍ ብሎ ያገኛታል። ፈጣኗ ቀድማ ዝቅ ካለው ትወጣለች። 50 ሜትር ላይ ሲደርሱ ሁለቱም አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ይህንን ነገር ሆን ብለው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው የሚተኩሱት ተወዳዳሪዎች ቱነር የሚባል በጥርስ ወደ ፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ክብደት ይገጥማሉ። እንደ ክራር ቅኝት ነው፤ ትንሽ ያዞራሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ትንሽ ያዞራሉ። የጥይቱ ካርቶን ሲቀየር እንደገና ሀ ብለው ሊጀምሩ ይችላሉ።

እና እኔ ፍሬን መስሎኝ የገዛሁት ክብደት ኖሯል። በዕድል ጥሩ ቦታ አረፈ። ሌላ ጠመንጃ ላይ ቢሆን ወረቀቴን ይበትነው ነበር፤ ያኔ ደግሞ ጥፋቱን በጥይቱ አሳብብ ነበር። ሃያ ሁለት ላይ ብሬክ ገጥሞ "ተሻለኝ" የሚል ሰው ውሸታም አይደለም። ተሽሎታል። ያዳነውን መድኃኒት ግን አያውቀውም።

አሁን ነፋሱን እንጥራው። ከከተማው ወጣ ስትሉ እነዚያ ነጫጭ ተርባይኖች አሉ። የመጀመሪያው ጣቢያ 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ነው። እዚያ የተተከሉት ለጌጥ አይደለም፤ አዳማ ነፋስ ስላለ ነው። በ50 ሜትር የጠመንጃ ዒላማ ላይ የዐሥር ነጥቧ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ነው። የትንሽ ጣት ጥፍር ናት። ነፋስ ከጎን በሰከንድ 4 ሜትር ቢነፍስ፣ ያ ማለት አቧራ የማያስነሳ ቅጠል የሚያወዛውዝ ነፋስ ነው፣ ጥይቷን 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይገፋታል። ከዐሥር ወደ ስምንት ወረዳችሁ። ቅድም ፍሬኑ ያተረፈልንን ሦስት ሴንቲ ሜትር የብርቱካን ውድቀት ከዚህ ጋር አነጻጽሩት።

"ታዲያ ፈጣን ጥይት ልግዛ" የሚል አለ። እዚህ ላይ ሃያ ሁለት ታሾፋለች። ፈጣኗ ሃያ ሁለት በነፋስ የበለጠ ትወሰዳለች። ከድምፅ ፍጥነት በላይ ትወጣና አየሩ ቶሎ ያደክማታል፤ ነፋስ ጥይትን የሚገፋው ደግሞ አየሩ በመንገድ ላይ ባዘገያት ጊዜ ልክ ነው። ለዚህ ነው የውድድር ጥይቶች በሰከንድ 320 እና 330 ሜትር አካባቢ የሚሠሩት፤ ከድምፅ ፍጥነት ዝቅ ብለው። ስለዚህ ገንዘብ ካላችሁ ሁለት ሜትር ሪባን ግዙና እንጨት ላይ አስራችሁ በጥይቷ መንገድ ዳር ትከሉ፤ ነፋሱን ያሳያችኋል። ሪባን ሰውን ያስተምራል።

ፍሬኑ የሚያስከፍለውን ልንገራችሁና ወደ ጥያቄ እንሂድ። ዋናው ጆሮ ነው። ድምፁ ከጋዙ ጋር ነው የሚሄደው። ጋዙን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ካጠፋችሁት ድምፁንም ወደ ራሳችሁና አጠገባችሁ ተኝቶ ወደሚተኩሰው ሰው አጠፋችሁት። ለአንድ ፍንዳታ ጆሮን ይጎዳል ተብሎ የሚታሰበው ወሰን 140 ዴሲቤል ነው። ሃያ ሁለት ከረጅም ቱቦ ስትተኮስ እዚያው አካባቢ ነች። ለብርቱካን ብላችሁ ወሰኑን መሻገር ምን ይሉታል? ሰው ደግሞ ድምፅ ሲፈራ ምላጩን ገና ሳይስብ ይሸማቀቃል። ያ መሸማቀቅ ከማንኛውም ምት በላይ ጥይት ያባክናል።

ሁለተኛ፣ ቆሻሻው። የሃያ ሁለት ጥይት አብዛኛውን ጊዜ እርቃኗን የወጣች እርሳስ ናት፤ ላይዋ በሰም ወይም በቅባት የተቀባ ነው። ያ ሁሉ እርሳስና ጥቀርሻ የፍሬኑ ቀዳዳ ውስጥ ይጋገራል። እኔ በሽቦ ስፍቀው ያመሸሁባቸውን ቅዳሜዎች አስታውሳለሁ።

ሦስተኛው ለቶርኖ ልጆች ነው። በጥይቷና በፍሬኑ ቀዳዳ መካከል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። ጥርሱ ለዓይን በማይታይ ጠመም ካለ ጥይቷ ግድግዳውን ትነካለች። የነካች ጥይት የት እንደምትሄድ ማንም አያውቅም። "እኔ እሠራዋለሁ ቲቸር" የሚል ፊት አያለሁ። አትሠራም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል ነገር አለ፤ ጋራዥ ውስጥ የሚቀለድበት ጉዳይ አይደለም።

ለውድድር ካሰባችሁትማ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ያልቃል። የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ጠመንጃ ላይ ኮምፐንሴተርንም መዝል ብሬክንም ይከለክላል። ማራዘሚያ ቱቦ ግን ይፈቅዳል፤ ቀዳዳ እስከሌለው ድረስ። የዚያን አሠልጣኝ ድፍን ቀለበት አስታወሳችሁ?

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ደግሞ የሚሠራበትን ልናገር። ሪምፋየር ሁሉ ሃያ ሁለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሆርናዲ የተባለው ኩባንያ ያወጣት .17 ኤች.ኤም.አር የምትባል አለች። ጥይቷ 1.1 ግራም ብቻ ናት፤ ግን በሰከንድ ከ770 ሜትር በላይ ትበራለች። ባሩዷ ለክብደቷ ብዙ ነው። ስለዚህ የጋዙ ድርሻ እንደ ትልልቆቹ ወደ ሲሶ ይጠጋል። እሷ ላይ ፍሬን ሥራ አለው። ምቷ እሷም ቢሆን ብርቱካን ናት፤ ከ15 ሳይሆን ከ27 ሴንቲ ሜትር ገደማ የወደቀች። ግን በትልቅ መነጽር 100 ሜትር ላይ የምትተኩስና ጥይትህ የት እንዳረፈች በራስህ ዓይን ማየት የምትፈልግ ከሆንክ መነጽሩ ባይዘል ደስ ይልሃል። እዚያ ላይ አልከራከርም።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አምስት የብረት ሳህን ደርድረው በፍጥነት የሚመቱበት ውድድር አለ። ሩገር 10/22 የምትባለውን፣ ከ1964 ጀምሮ የምትመረተውን ቀላል ጠመንጃ፣ አፏ ላይ ኮምፐንሴተር ሰክተው ይመጣሉ። እዚያ ሰው በሰከንድ መቶኛ ነው የሚሸናነፈው፤ ሽርፍራፊዋም ትቆጠራለች። ግማሹ ግን ለማማር ነው የሚገጥመው። ማማርም ጥቅም ነው፤ ባጃጅ ላይ መብራት የሚደረድሩ ልጆች ባሉበት ከተማ ይህንን አልክድም።

ጥያቄ።

አንዲት እህት ኋላ ተነሳች። "ቲቸር፣ እኔ ሃያ ሁለት ስተኩስ አፈሙዙ ይዘላል። ብርቱካን ነው ካልክ ታዲያ ምኑ ነው የሚዘለው?" አለችኝ። የቀኑ ምርጥ ጥያቄ። አንቺ ነሽ አልኳት፤ ሳቁ። ግን እውነቴን ነው። ምላጩን በአንድ ጣት ሳይሆን በሙሉ መዳፍ የሚጨምቅ ሰው አፈሙዙን ራሱ ያዘልለዋል። ወይም ጥይቷ ሳትወጣ ራሱን ቀና አድርጎ "መታሁ?" ብሎ ያያል። ሃያ ሁለት ዘገምተኛ ስለሆነች ይህንን አትምርም። ጥይት በሌለበት ጠመንጃ፣ መሣሪያው ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይተሽ፣ ምላጭ መሳብ ብቻ ተለማመጂ። ከሳብሽ በኋላ አንድ፣ ሁለት ብለሽ ቁጠሪ፤ ዓይንሽ ከማነጣጠሪያው አይነሳ። ባዶ ሆኖም ከዘለለ ጥፋተኛው ተገኘ።

አንድ ወታደር የነበሩ አባት ደግሞ እጃቸውን አወጡ። "ልጄ፣ እኛ ኤኬ-74 ይዘናል። አፉ ላይ ያለው ነገር ይሠራል። ጠመንጃው አይነቃነቅም ነበር። አጠገቤ ያለው ሰው ግን እየተሳደበ ነበር የሚተኩሰው።" ጋሼ፣ እርስዎ በሁለት ዓረፍተ ነገር የእኔን አንድ ሰዓት ጨረሱት አልኳቸው። ያቺ ጥይት በስሟ 5.45 ሚሊ ሜትር ናት፤ ውፍረቷ ከሃያ ሁለት ጋር ተቀራራቢ ነው። ግን ከኋላዋ ያለው ባሩድ ከዐሥር እጥፍ በላይ ነው። ፍሬን ጥይቷ ስንት ትወፍራለች አይልም። የሚጠይቀው ጋዝ ነው።

የመጨረሻውን የጠየቀኝ ከፊት የተቀመጠ፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው። ሞዴሏ እጁ ላይ ነበረች፤ እንደ ፉጨት እየነፋባት ነው የቆየው።

"ጌም ላይስ ልግጠም ወይስ አልግጠም?"

እሱን እኔን አትጠይቀኝ አልኩት። ጌም ላይ እኔ ከፓራሹት ገና ሳልወርድ ነው የምሞተው።